ሰንሰለት የሚያልቀው ከውስጥ ነው

ሰሞኑን «የሞተር ሰንሰለት በአሥር ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። ሦስት ጓደኞቼ ለየብቻ ልከውልኛል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ሳይሰለች ይነበባል። ጸሐፊው ሞተር እንደሚወዱም ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ሞተሩን በመሀል ማቆሚያው አቁሙ። አስነሱና አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ሰንሰለቱ በራሱ ሲዞር በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ወይም ግራሶ እስኪንጠባጠብ ቀቡት። ኦሪንግ (በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚገባ የጎማ ቀለበት) ያለው ሰንሰለት ከሆነ ቅባት አያስፈልገውም። ሲላላ አጥብቁት። ሲያልቅ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሩ፤ ስፕሮኬቱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት፣ ይቆያል።

የምስማማበት ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ። የማልስማማበት ግን ይበዛል። አንዱ ምክር ደግሞ ጣት ያስቆርጣል። ስለዚህ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትቼ ከእሱ ልጀምር።

«አስነስታችሁ ማርሽ አስገቡ»

ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ለምን እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ጎማ በእጅ ማዞር ይሰለቻል። ሞተሩ ራሱ ሲያዞረው እጃችሁን አንድ ቦታ ይዛችሁ መቆም ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ዛሬ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። ጨርቁን ሰንሰለቱ ላይ ይዞ ሳለ የጨርቁ ጫፍ ስፕሮኬቱ ጥርስ ውስጥ ገባ። ጨርቁ ጣቱን ይዞት ሄደ። «እኮ ቀስ ብሎ ነበር የሚዞረው» ይላል እስካሁን።

ይህን «ቀስ ብሎ» እስቲ እንቁጠረው። አንድ ትንሽ ሞተር ሳይክል ነዳጅ ሳይሰጠው በአንደኛ ማርሽ ሲሠራ የፊት ስፕሮኬቱ በሰከንድ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ይዞራል። ስፕሮኬቱ 14 ጥርስ ካለው በሰከንድ 35 የሰንሰለት መጋጠሚያ ያልፋል ማለት ነው። በትንንሽ ሞተሮች በሚለመደው 428 ሰንሰለት ላይ አንዱ መጋጠሚያ ከሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ሰንሰለቱ በሰከንድ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪስብ ሩብ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ሰንሰለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። ከጣታችሁ እስከ ጥርሱ ያለው ርቀት ስንት ነበር?

ጓንትም አያድንም። እንዲያውም ይብሳል፤ ጨርቅና ጓንት ቶሎ ይያዛሉ፣ ሲያዙም እጅን ይዘው ይገባሉ።

ታዲያ እንዴት ይሁን? ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ማርሹን ኒውትራል አድርጉ። ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ አዙሩና አቁሙ፣ ጥረጉ፣ እንደገና አዙሩ። ጎማው እየዞረ አትጥረጉ፤ በእጅ የሚዞር ጎማም ጣት ይበላል። ጎማውን ወደኋላ አዙሩት። ወደፊት ከዞረ የታችኛው የሰንሰለት ክፍል ወደ ኋላው ስፕሮኬት እየገባ ይሄዳል። ወደኋላ ከዞረ ግን ከስፕሮኬቱ እየራቀ ይወጣል። ምናልባት እጃችሁን ብትረሱት እንኳ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ያርቀዋል።

መሀል ማቆሚያ የሌለው ሞተርም ችግር የለበትም። የሚታየውን ክፍል አጽዱ፣ ሞተሩን አንድ እርምጃ ግፉ፣ ቀጣዩን አጽዱ። አምስት ስድስት ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ስለ ዕቃ ናቸው። ዕቃ ይተካል።

ውስጡ ምን አለ?

ጽሑፉ የሳተበት ዋናው ቦታ ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው ሰንሰለትን ከውጭ ነው ያዩት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ንጹሕ፣ በዘይት የራሰ ከሆነ የጠገበ አድርገው ቆጠሩት። ሰንሰለት ግን የሚያልቀው ከውጭ አይደለም።

እያንዳንዱ መጋጠሚያ መሀሉ ላይ ፒን አለው። ፒኑን ቡሺንግ የሚባል ትንሽ ቱቦ ያቅፈዋል። በቡሺንጉ ላይ ደግሞ ሮለር ይዞራል። ስፕሮኬቱን የሚነካው ሮለሩ ነው። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1880 ያወጣው ማንቸስተር ይሠራ የነበረው ሃንስ ሬኖልድ ነው። ቡሺንግ መግባቱ ጭነቱ በቀጭን የላሜራ (መጋጠሚያዎቹን በጎን የሚያያይዘው ዝርግ ብረት) ጠርዝ ላይ መሆኑ ቀርቶ ሰፋ ባለ ገጽ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ዛሬም ሞተራችን ላይ ያለው እሱ ነው።

አሁን ሥራውን አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በትንሽ ሞተር ላይ ሰንሰለቱ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ሙሉ ዙር ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ መጋጠሚያ አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፦ የፊቱን ስፕሮኬት ሲይዝ ይታጠፋል፣ ሲለቅ ይዘረጋል፣ የኋላውን ሲይዝ ይታጠፋል፣ ሲለቅ ይዘረጋል። ፒኑ ቡሺንጉ ውስጥ በሰከንድ 12 ጊዜ ይፋተጋል ማለት ነው፤ ያውም ጭነት ተሸክሞ።

ቅባት ካለ ይንሸራተታል። ከሌለ፣ ወይም አሸዋ ከገባ፣ ብረት ብረትን ይበላል። ፒኑ በአንዲት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል እንበል። ምንም አይደል ይመስላል። ግን 120 መጋጠሚያ አለ። 120 ጊዜ 0.1 ሲሆን ሰንሰለቱ 12 ሚሊ ሜትር ረዘመ። «ሰንሰለቴ ተለጠጠ» የምንለው ይህን ነው። ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተሳበም፤ መጋጠሚያዎቹ ተበልተው ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም የሰንሰለት ምክር ስሰማ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ነገር ፒኑና ቡሺንጉ መሀል ላለው ቅባት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የቀሩትን ነጥቦች በዚህ ጥያቄ እንያቸው።

«ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ይበቃል»

መጀመሪያ ሰንሰለታችሁን እወቁት። ጎንበስ ብላችሁ በውጭኛውና በውስጠኛው ላሜራ መሀል ተመልከቱ። ጥቁር የጎማ ቀለበት ከታየ ኦሪንግ ያለው ነው። ብረት ለብረት ከሆነ ተራ ሰንሰለት ነው። ቀለበቱ ኤክስ ቅርጽ ካለው ኤክስሪንግ ይባላል፤ አያያዙ ያው ነው።

ኦሪንጉ ለጌጥ አልተቀመጠም። ፋብሪካው ፒኑና ቡሺንጉ መሀል ግራሶ ሞልቶ በሁለቱም ጎን በእነዚህ ቀለበቶች ዘግቶታል። ያ ግራሶ የሰንሰለቱ ዕድሜ ነው። ቀለበቱ ከተቀደደ ወይም ከደረቀ ግራሶው ይወጣል፣ ውሃና አቧራ ይገባል። መልሳችሁ መሙላት አትችሉም።

የሽቦ ብሩሽ ቀለበቱን ይቦጭቀዋል። ቤንዚን ጎማውን ሊያሳብጠውና ሊያደርቀው ይችላል። የሞተር አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ቤንዚን አትጠቀሙ የሚሉት ለዚህ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ውሃውን በቀለበቱ ሥር አሳልፎ ግራሶው ጋ ያደርሰዋል። ሞተር ሲታጠብ ጎማውና ሰንሰለቱ ላይ ቧንቧውን አስጠግቶ የሚረጭ ሰው ሳይ ያመኛል።

ተራ ሰንሰለት ላይስ? እውነት ለመናገር ብሩሹም ሆነ ቤንዚኑ እዚያ የሚበጥሰው ቀለበት የለም። ይህን ለጸሐፊው እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገር አለ። ቤንዚን ውስጥ ድረስ ገብቶ የነበረውን ቅባት ሁሉ ያጥባል። ከዚያ በደንብ ካልተቀባ ሰንሰለቱ ከቆሸሸው ጊዜ ይልቅ ደርቆ ይሄዳል። ሁለተኛው እሳት ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ይሄድና ራቅ ያለ እሳት ወይም ሲጋራ ያገኛል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል። አሁን ደግሞ የጸሐፊውን ሁለት ምክሮች አንድ ላይ አድርጓቸው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ የጭስ ማውጫው ግሎ፣ ሥሩ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ።

ለሁለቱም ዓይነት ሰንሰለት የሚሆነው ላምባ ነው። ነጭ ጋዝ የምትሉትም እሱው ነው። ቆሻሻውን ያለሰልሳል፤ ለኦሪንጉም ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት እሱን ነው። ያ ማለት ግን ሰንሰለቱን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እደሩ ማለት አይደለም። በለስላሳ ብሩሽ ቀቡ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል። አራቱንም ጎን ፈትጉ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ላምባም ይቀጣጠላልና ከእሳት አርቁት። ሰንሰለቱ እንደ አዲስ እስኪያበራ መልፋት አያስፈልግም። አሸዋውና የጠጠረው ጥቁር ቅባት ከወጣ በቃ።

«የተቃጠለ ዘይት ምርጥ ነው»

ይህ ምክር ብዙ ሰው ጋ አለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዘይቱ እዚያው አለ፣ የሚደፋ ነው፣ መጣሉ ያሳዝናል።

ነገር ግን ለምን ተቀየረ? ሞተሩ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ነው። ጥላሸት ይዟል፣ የብረት ብናኝ ይዟል፣ ከቃጠሎው የመጣ አሲድ ይዟል። ከሲሊንደሩ ያወጣነውን ቆሻሻ ወስደን ፒንና ቡሺንግ ላይ እናፈሰዋለን። ቆዳም አለ። ብዙ የሞተር ዘይት ጣሳዎች ላይ የተቃጠለ ዘይት ቆዳን በተደጋጋሚ ሲነካ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የቆዳ ካንሰር አምጥቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ታትሟል። ሰንሰለት ስንቀባ ደግሞ እስከ ክርናችን ነው የምንነከረው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ ይህ ነው፦ ውድ የሰንሰለት ስፕሬይ ግዴታ አይደለም ብለዋል። እውነት ነው። አዲስ የካምቢዮ ዘይት፣ 80ደብሊው-90 የሚባለው ወይም 90 ቁጥር፣ ብዙ የአምራች መመሪያዎች ላይ በስም የተጠቀሰ የሰንሰለት ቅባት ነው። ወፈር ይላል፣ ሰርጎ ይገባል፣ ኦሪንግ አይጎዳም። ችግሩ ይረጫል፤ ጠርዙን ያቆሽሻል፣ ቶሎ ቶሎ መቀባትም ይፈልጋል። ስፕሬዩ የተሻለ ይጣበቃል። ሁለቱም ያደርሳሉ። ከሁለቱ አንዱ እስኪገኝ ድረስ አዲስ የሞተር ዘይትም ከደረቅ ሰንሰለት ይሻላል።

ደብሊውዲ-40 የሚባለውን ስፕሬይም አንስተዋል። ስሙ ራሱ ውሃ ማስለቀቂያ ነው የሚለው፤ 40 ቁጥሩም አርባኛው ሙከራ ነው። ውሃ ያባርራል፣ ቆሻሻም ያለሰልሳል። ግን አብዛኛው የሚተን ፈሳሽ ስለሆነ ሰንሰለት ላይ የሚቆይ ቅባት አይተውም። እሱን ቀብቶ ረጅም መንገድ መውጣት ባዶ መውጣት ነው።

«እስኪንጠባጠብ ቀቡት»

ግራሶ መልካም ነገር ነው፤ ውስጥ ሲሆን። ከውጭ ስትለጥፉት ወደ ፒኑ አይገባም፤ ለመግባት በጣም ወፍራም ነው። የውጭው ላሜራ ላይ ተቀምጦ ግን አሸዋ ይሰበስባል። ግራሶና አሸዋ ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስፕሮኬቱንና ሮለሩን እየሞረደ ይዞራል። የሚንጠባጠበውም ዘይት መሬት ላይ አይቀርም። ጎማው ጠርዝ ላይ ይሄዳል፣ የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ላይ ይሄዳል። ኩርባ ላይ ስትጋደሙ የምትቆሙት በዚያ ጠርዝ ነው። ስትቀቡ ከጀርባው ካርቶን ያዙ። ዲስኩን ከነካ በፍሬን ማጽጃ ሳታጠቡ አትንዱ።

ዘይት የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው። የታችኛውን የሰንሰለት ክፍል ያዙና በላይኛው ገጹ ላይ፣ ማለትም ወደ ስፕሮኬቱ በሚዞረው ጎን፣ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሰንሰለቱ ሲዞር ዘይቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ ከውስጥ የተቀባው በመጋጠሚያዎቹ መሀል አልፎ ይወጣል። ከውጭ የተቀባው ወዲያው ይረጫል። ላሜራዎቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ ከዚያ ሮለሮቹ ላይ። አንድ ሙሉ ዙር ይበቃል። ከዚያ ጠብቁ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት፤ ሌሊቱን ቢያድር ደግሞ በጣም ጥሩ። በመጨረሻ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ሰዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ላዩ ላይ የሚታየው ዘይት ሥራ የለውም፤ አቧራ መሰብሰቢያ ነው።

«ከመንዳት በኋላ፣ ሰንሰለቱ ሞቅ ሲል ቀቡ» ብለዋል። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሰርጎ ይገባል። ማታ ስትገቡ ቀብታችሁ ጠዋት መውጣት ከሁሉም ይሻላል። ጠዋት ቀብቶ ወዲያው መውጣት ዘይቱን ለጎማው መስጠት ነው።

«ኦሪንግ ያለው ቅባት አይፈልግም»

ግማሹ እውነት ነው። ፒኑና ቡሺንጉ የራሳቸው ግራሶ አላቸው። ሮለሩ ግን ከውጭ ነው። ሮለሩ ቡሺንጉ ላይ ሲዞር፣ ስፕሮኬቱን ሲመታ፣ ማንም አልቀባውም። ላሜራውም ይዝጋል። ጎማ ቀለበቱ ራሱ ሳይቀባ ከብረት ጋር ሲፋተግ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የምናውቀው ነው፤ ግራሶው ይወጣል።

ከአንድ መጋጠሚያ አካባቢ ቀይ ቡናማ ዱቄት ሲወጣ ካያችሁ፣ ወይም ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ሳይዘረጋ ከቀረ፣ ያ መጋጠሚያ ደርቋል። ዘይት ብታፈሱበት ለጊዜው ይለሰልስ ይሆናል፤ የተበላው ግን አይመለስም።

በምን ያህል ጊዜ? በአብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ይባላል። ተራ ሰንሰለት ወደ 500ው፣ አቧራማ መንገድ ከሆነ ከዚያም በታች። ዝናብ ከመታው ወይም ከታጠበ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ አድርቁትና ቀቡት።

«ሲላላ አጥብቁ»

እስከ ምን ድረስ? ጽሑፉ ይህን አይልም፤ አንባቢውም ክር እስኪሆን ይወጥረዋል። ሞተሩ ላይ ስትቀመጡ፣ ጉድጓድ ስትገቡ፣ ሞላው ይወርዳል። ያኔ በሁለቱ ስፕሮኬቶች መሀል ያለው ርቀት ይጨምራል። ቆሞ ሳለ የተወጠረ ሰንሰለት ያኔ የሚሄድበት የለውም። የማርሽ ሳጥኑን ዘንግ ይስባል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ ራሱም ያልቃል። የታችኛው ክፍል መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ ለብዙ ትንንሽ የመንገድ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ለገጠር መንገድ የተሠሩት ረጅም ሞላ ስላላቸው የበለጠ ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያው ወይም የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የተወጠረበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ። አንዱ ቦታ ላልቶ ሌላው ከተወጠረ ሰንሰለቱ እኩል አላለቀም፤ መሸኛው ደርሷል።

«ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሩ»

ያለቀ ሰንሰለት መጋጠሚያው ረዝሟል። በዚህ በረዘመ ሰንሰለት የተሞረደ ስፕሮኬት ጥርሱ እንደ ማዕበል ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። አዲስ 428 ሰንሰለት ልኩ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎበጠው ጥርስ ግን የረዘመውን ለምዷል። አዲሱ በጥቂት ጊዜ ያረጃል። ሰንሰለትና ሁለቱ ስፕሮኬቶች አብረው ይቀየራሉ። ለጊዜው ወጪው ይከብዳል፤ ግን ሁለት ጊዜ ሰንሰለት ከመግዛት ያድናል።

ማለቁን በዓይን ከመገመት ለኩት። ሰንሰለቱን ወጠር አድርጋችሁ ከአንድ ፒን መሀል እስከ 21ኛው ፒን መሀል ለኩ። 428 ሰንሰለት አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው። 520 የሚባለው ተለቅ ያለው ዓይነት ከሆነ 317.5። አንዳንድ አምራቾች መጨረሻው 259 እና 323 ነው ይላሉ። እዚያ ሳይደርስ መቀየር ይሻላል፤ የተበጠሰ ሰንሰለት የኋላ ጎማ ሊቆልፍ ወይም የሞተሩን ቤት ሊሰብር ይችላልና።

ጽሑፉ ያልነካው አንድ ነገር አለ። ሰንሰለታችሁ በክሊፕ የሚዘጋ ከሆነ አጽድታችሁ ስትጨርሱ ክሊፑን እዩት። የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ክፍቱ ወደኋላ። ተገልብጦ ከገባ አንድ ድንጋይ ገፍቶ ሊያወጣው ይችላል። ይህን ማየት ሁለት ሰከንድ ነው።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘይቱንም ግራሶውንም እንደፈለጉ ይተዉት። «አስነስታችሁ ማርሽ አስገቡ» የምትለውን መስመር ግን ዛሬውኑ ያውጧት። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ጓደኞቼ አንዱ ቅዳሜ ሊሞክረው ነበር።